ፋይዳ ከአሻራ መሣሪያው ጋር የሚነጋገርበት ውል

ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ግድ ሆኗል። ሾላ ገበያ ቅቤና ቅመም የምትሸጥ ነጋዴም ሒሳብ መክፈት ካማራት መጀመሪያ መዝጋቢው ፊት ትቀመጣለች። የግራ እጇን አራት ጣቶች፣ ከዚያ የቀኙን፣ በመጨረሻ ሁለቱን አውራ ጣቶች መስታወቱ ላይ ታሳርፋለች። አይሪሷና ፊቷም ይነሳሉ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት መሣሪያዎች የተለያዩ ኩባንያዎች ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። የምዝገባው ሶፍትዌር ግን ለየትኛውም ኩባንያ ተብሎ አልተጻፈም።

ፋይዳ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ ባንጋሎር ተጀመረ፤ ሞሮኮና ፊሊፒንስም ተቀብለውታል። የተነሳበት ችግር የታወቀ ነው፦ መንግሥት የመታወቂያ ሥርዓቱን ከአንድ ሻጭ ጠቅልሎ ከገዛ፣ ከዚያ ሻጭ እጅ መውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሞሲፕ እያንዳንዱ ፕለጊን፣ ማለትም ከዋናው ሶፍትዌር ጋር የሚገጠም ተጨማሪ ክፍል፣ የሚሰካበትን ቦታና የሚናገረውን ቋንቋ አስቀድሞ በጽሑፍ ወሰነ። ማንም አምራች ውሉን አንብቦ መሣሪያውን ማቅረብ ይችላል።

ውሉ በተግባር እንዲህ ይሠራል። የመሣሪያው አምራች የመዝጋቢው ላፕቶፕ ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ይጭናል፤ ፕሮግራሙ ከ4501 እስከ 4600 ካሉት ፖርቶች በአንዱ ላይ ይጠብቃል። የምዝገባው ሶፍትዌር ፖርቶቹን እያሰሰ ማን እንዳለ ይጠይቃል። መሣሪያው ዓይነቱንና ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ይመልሳል። ከዚያ ትእዛዙ ይመጣል፦ የትኞቹ ጣቶች፣ ለምን ያህል ጊዜ ይጠበቅ፣ ዝቅተኛው የጥራት ነጥብ ስንት ይሁን። መሣሪያው ምስሉን የሚያስረክበው በዲጂታል ፊርማ አትሞ ነው። የዲዛይኑ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ የአሻራ ፋይል ሾልኮ እንዳይገባ የሚከለክለው ይህ ፊርማ ነውና። ፊርማው ላፕቶፑ ላይ በሚሠራው ፕሮግራም ወይም መሣሪያው ውስጥ ባለ ቺፕ ሊፈረም ይችላል። ሁለተኛው እጅግ የጠነከረ ነው፤ ውሉም ሁለቱን በደረጃ ለይቶ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ አሻራዎችን የሚያስተያየው ሞተርም ራሱን የቻለ ፕለጊን ነው። ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው፦ አስገባ፣ ፈልግ፣ ሰርዝ። የነጋዴዋ ስምና አድራሻ ወደዚያ አይሄድም፤ ሞተሩ የሚያየው የአካል ምልክቶቿንና አንድ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ጥሩ ኢንተርፌስ የሚታወቀው በሚያሳልፈው ብቻ ሳይሆን በሚከለክለውም ነው።

ሰርቨርና ኔትወርክ በኮድ የሚያዘጋጀው ቴራፎርምም ተመሳሳይ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ይህ ሶፍትዌር እያንዳንዱን የክላውድ ድርጅት የሚያነጋግረው ለብቻው በሚሠራ ፕለጊን በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕለጊኖቹ ከዋናው ፕሮግራም ወጥተው በየራሳቸው እንዲታተሙ ተደረገ፤ አንዱን ለማደስ ዋናውን መጠበቅ ቀረ።

የሞሲፕ ውል ግን ሁሉን አይፈታም። አሻራ አስተያዪው ሞተር ከምስሎቹ የሚያወጣው ቅምር የየኩባንያው የራሱ ምስጢር ነው፤ አንዱ የሌላውን አያነብም። ሞተሩን መለወጥ የፈለገ አገር የሚሊዮኖችን ምስል እንደ አዲስ ማስገባት አለበት። ይህም የሚቻለው የመጀመሪያዎቹ ምስሎች በአገሩ እጅ፣ በአገሩ ቁልፍ ተቆልፈው ከተቀመጡ ነው።