የማርሚታ ለውጥ፣ የነዳጅ ቅንብር እና የሶዶ ከፍታ



በሶዶ ጎዳና ላይ ለአፍታ የቆመ ሰው አንዳንድ ሞተር ሳይክሎችን ከማየቱ በፊት ይሰማቸዋል። ባለቤቶቻቸው የፋብሪካውን ማርሚታ አውልቀው ክፍት የሆነውን ገጥመዋል፤ «ጉልበት ጨመረ» ሲሉም በሙሉ ልብ ይናገራሉ። የዛሬው ጥያቄዬ በእርግጥ ጨምሯል ወይ የሚል ነው። ሞተሩ የዕለት እንጀራው ለሆነ አሽከርካሪ የተቃጠለ ቫልቭ ማለት የተቋረጠ ገቢ ነውና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

ከማርሚታው እንጀምር። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሲከፈት የሚወጣው ጋዝ የግፊት ሞገድ ሆኖ በቱቦው ውስጥ ይነጉዳል። ሞገዱ ክፍት ጫፍ ላይ ሲደርስ ዝቅተኛ ግፊት ሆኖ ወደ ኋላ ይመለሳል። በትክክለኛው ቅጽበት ከተመለሰ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፣ አዲሱንም አየር ያስገባል። ቅጽበቱን የሚወስኑት የቱቦው ርዝመትና የሞተሩ የዙር ፍጥነት ናቸው። ስለዚህ «ሞተር የጭስ እገዳ ይፈልጋል» የሚለው አባባልም፣ «ቱቦው በተከፈተ መጠን ጉልበት ይጨምራል» የሚለውም የተሟላ እውነት አይደሉም። ክፍት ቱቦ በከፍተኛ ዙር ጥቂት ሊጠቅም፣ በዝቅተኛ ዙር ግን ሊጎዳ ይችላል። ሰው አፈናጦ ወደ ዳሞታ ግርጌ የሚወጣ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በአብዛኛው በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር ነው።

ሁለተኛው ነገር የነዳጅ ቅንብር ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይሻል፤ ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው ግን ከ12.5 እስከ 13 ባለው መጠን አካባቢ ነው። በኢንጀክሽን በሚሠሩ ሞተሮች ይህን የሚወስነው በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተጻፈ ሠንጠረዥ ነው፤ በየዙሩና በየነዳጅ መስጫው መጠን ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭና ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ ይናገራል። «ሪማፕ» የሚባለው ይህን ሠንጠረዥ እንደገና መጻፍ ነው። በካርቡሬተር በሚሠራ ሞተር ላይ ግን የሚጻፍ ሠንጠረዥ የለም። እዚያ «ካርታው» ቤንዚን የሚያልፍባት ጄት የምትባል ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎንና ከነዳጅ መስጫው ጋር ከፍ ዝቅ የምትል መርፌ ናቸው።

የሶዶ ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 81 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ማንኛውም ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ይህን የሚመልስ ማርሚታ የለም። ካርቡሬተር ግን ሌላም ችግር አለበት። የሚገባው የአየር ክብደት ከእፍጋቱ ጋር እኩል ሲቀንስ፣ የሚስበው ቤንዚን የሚቀንሰው በእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው። የ0.81 ስኩዌር ሩት 0.9 ነው። በባሕር ወለል ለ13 የተቃኘ ካርቡሬተር ሶዶ ላይ ወደ 11.7 ይወርዳል ማለት ነው፤ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል።

ክፍት ማርሚታ የገጠመና የአየር ማጣሪያውን ያወለቀ ወጣት «ሞተሩ ቀለለኝ» ሲል የሚዋሽ አይደለም። አየሩ ሲጨምር የበዛው ቤንዚን በከፊል ተስተካክሎለታል። ያረመው ግን የከፍታውን ስሕተት ነው፤ ያንኑ እርማት አነስ ያለች ጄት በጸጥታ ትሰጠው ነበር። ማጣሪያ በሌለበት የሚገባው የበጋ አቧራ ደግሞ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ይበላል።

አደጋው ቁልቁል ሲወርድ ይገለጣል። ከሶዶ በሁምቦ በኩል አባያን እያየ ወደ አርባ ምንጭ የሚጓዝ ሰው ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ በ4 በመቶ ያህል ነዳጅ ያንሰዋል። ሶዶ ላይ ልክ የነበረው እዚያ ይደርቃል፤ በቆላው ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት ሞተሩ ይግላል፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭም ይጎዳል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምመክረው ይህን ነው። አስቀድማችሁ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ የቫልቩን ክፍተት ለኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ከሙሉ ጭነት ጉዞ በኋላ ካንዴላውን ፈትታችሁ ተመልከቱ፦ ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን መብዛት፣ ፈዛዛ ቡናማ መልካም ቅንብር፣ የነጣ ደግሞ የቤንዚን ማነስ ምልክት ነው። ከሁሉም በላይ ሞተሩን የምትቃኙት ለሚደርስበት ዝቅተኛ ስፍራ ይሁን። ትንሽ የበዛ ቤንዚን ገንዘብ ያባክናል፤ ያነሰ ቤንዚን ግን ሞተር ይገድላል።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ቃል ልጨምር። ድምፅ ከሲሊንደሩ ያመለጠ፣ ለጎማው ያልደረሰ ጉልበት ነው። በኦቶና ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ ይሰማዋል እንጂ ዳገቱ አይሰማውም። ለመንገዳችን የሚበጀው መካኒክ ድምፅን ከጉልበት ለይቶ የሚያውቀው ነው፤ ይህን ልዩነት በመለኪያ የምታሳዩት ደግሞ እናንተ ናችሁ።