የሩጫ ርምጃና የባዮሜካኒክስ ትምህርት

ባዮሜካኒክስ በሕያው አካል ላይ የሚሠሩትን ኃይሎችና ከእነርሱ የሚመነጨውን እንቅስቃሴ የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። ውድ መሣሪያ በተሟላለት ቤተ ሙከራ ብቻ የሚጠና ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ መሠረታዊ መርሖቹን በማናቸውም የትምህርት ቤት ሜዳ ማስተማርና መመርመር ይቻላል። ለዚህም ሩጫ በቂ ምሳሌ ነው።

የሯጭ ፍጥነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ እነርሱም የርምጃው ርዝመትና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ያለው የርምጃ ድግግሞሽ ናቸው። ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ የሮጠው በ41 ያህል ርምጃ ነበር። ይህም በአማካይ የርምጃው ርዝመት 2.44 ሜትር፣ ድግግሞሹም በሴኮንድ 4.3 ያህል ነበር ማለት ነው። ርዝመቱ የተገኘው ግን ከሯጩ ቁመትና መሬትን ከሚገፋበት ኃይል ነው።

ይህን ሳያገናዝቡ ተማሪን «ርምጃህን አስረዝም» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። እግሩን በግድ ወደ ፊት የሚወረውር ተማሪ ከስበት ማዕከሉ እጅግ ቀድሞ መሬት ይረግጣል። በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት እግሩ መሬትን ወደ ፊት ሲገፋ መሬትም እግሩን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በዚህም ፍጥነቱ ይገታል፣ ጉልበቱም ተጨማሪ ጫና ይሸከማል። ለምሳሌ በ1.50 ሜትር ርምጃ በሴኮንድ 4 ጊዜ የሚራመድ ልጅ ፍጥነቱ በሴኮንድ 6 ሜትር ነው። ርምጃው ወደ 1.65 ሜትር ረዝሞ ድግግሞሹ ወደ 3.5 ቢወርድ ፍጥነቱ ወደ 5.8 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

ስለዚህ መምህሩ ከማረሙ በፊት መለካት ይኖርበታል። 20 ሜትር መንደርደሪያ፣ ቀጥሎም 30 ሜትር በኖራ ይሰመር። አንዱ ተማሪ ሲሮጥ ሁለተኛው ሰዓት ይያዝ፤ ሦስተኛው ርምጃ ይቁጠር። 30 ሜትሩ ለርምጃው ብዛት ሲካፈል ርዝመቱ፣ የርምጃው ብዛት ለሴኮንዱ ሲካፈል ድግግሞሹ ይገኛል። በእጅ የሚያዝ ሰዓት ጥቂት ስለሚዛነፍ፣ በቂ ዕረፍት እየተሰጠ ሩጫው ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰድ። ውጤቱ በመዝገብ ሰፍሮ በየወሩ ቢነጻጸር፣ የመምህሩ ምክር መጥቀሙን ወይም መጉዳቱን ቁጥሩ ይመሰክራል።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም የፊዚክስና የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ይህን ትምህርት በኅብረት የሚሰጡበትን ክፍለ ጊዜ ሊመድቡ ይገባል። የሚጠይቀው ወጪ የመለኪያ ሜትር፣ ኖራና ሰዓት ነው፤ ትርፉ ግን ጉልበቱ ከጉዳት የተጠበቀ፣ የኒውተንንም ሕግ በገዛ እግሩ የተረዳ ተማሪ ነው።