ዘውድና መስቀል

ከዳባት ወደ ደባርቅ ስንወጣ የስሜን ተራሮች ከፊታችን ይደረደራሉ፤ ደረስጌ ማርያምም ትዝ ትለናለች። ደጃዝማች ውቤ ባሠሩአት በዚህች ቤተ ክርስቲያን፥ እርሳቸው ድል ከተነሡ በኋላ፥ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. አቡነ ሰላማ ደጃዝማች ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኙአቸው።

ነገር ግን ፍቅሩ አልዘለቀም። ንጉሡ የአብያተ ክርስቲያናትን መሬት ቀነሱ፤ ጳጳሱም ተቃወሙ። በመጨረሻ ቀቢው በተቀቢው እጅ ታስረው በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዐረፉ። እንግዲህ ከዙፋን አጠገብ መሆን ብቻውን ለቤተ ክርስቲያን ጥላ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆና በመንግሥት እንድትደገፍ ደንግጎ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ግን የገጠር መሬት በዐዋጅ ሲወረስ የአድባራቱም መሬት አብሮ ሄደ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፥ መንግሥታዊ ሃይማኖትም እንደማይኖር፥ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይደነግጋል። በደባርቅ ገበያ ከእኛ ጋር የሚነግደው እስላም ጎረቤታችንም በሕግ ፊት እኩላችን ነው።

አንባብያን ሆይ፥ ይህ ነገር እስከ ቤታችን ድረስ ይገባል። ቀድሞ በደብሩ መሬት ይተዳደር የነበረው ካህን ዛሬ በአብዛኛው የሚኖረው ምእመናን በሚያዋጡት ነው። የጧፉና የዕጣኑ ወጪም የየቤተሰቡ ዕዳ ሆኖአል። ሸክሙ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም በገዛ እጃችን የምናቆማትን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት መለዋወጥ አያናውጣትም። ስለዚህ ልጆቻችን ከትንሽነታቸው ዐሥራት ማውጣትን ከእኛ ይማሩ።