የሰንሰለት ጥልፍ አሠራር

በአገር ልብስ ላይ ጥበብና ጥልፍ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ጥበብን ሸማኔው ጨርቁን ሲሠራ ከድሩና ከማጉ ጋር አብሮ ያስገባዋል። ጥልፍ ግን ጨርቁ አልቆ ከሸማኔው እጅ ከወጣ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ወሎ ውስጥ ከውርጌሳ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልዲያ ገበያ የወጣ ሰው ሁለቱንም በአንድ ቀሚስ ላይ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ጥበቡ ከጠርዙ፣ ጥልፉ ከአንገት እስከ ደረት።

የጥልፍ ሙያ የቆየ ለመሆኑ አንድ ማስረጃ ያለው፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ ለንደን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ሲወድቅ ከአምባው ከተወሰዱት ዕቃዎች አንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ ነበር። ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ በ2010 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብም ለሕዝብ ታይቷል።

ጀማሪ ቢለምደው የሚጠቅመው ስፌት ሰንሰለት ነው። ቀጥ ያለ መስመር፣ ቅጠል፣ ሐረግ፣ መስቀል፣ ሁሉም በእሱ ይወጣል። የሚያስፈልገው ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ፣ የጥልፍ ክርና ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ ድርብ ቀለበት ብቻ ነው። የጥልፍ ክር አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስቱን ነጥሎ መሥራት ይቻላል። ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅም ክር ይወሳሰባል፣ ደጋግሞ ጨርቁን ሲያልፍም ይላላል። የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ስለሚገባ አስቀድሞ ማጠብ፣ ቀይና ጥቁር ክር ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ ቀለም አለመልቀቁን ማየት ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መስመሩ በእርሳስ በስሱ ይሰመራል። መርፌው ከጨርቁ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ክሩ በግራ አውራ ጣት ተይዞ ቀለበት ይሠራል። መርፌው ወደወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይገባና ሦስት ወይም አራት ሚሊሜትር ያህል ወደፊት ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ቀለበቱ ከመርፌው ጫፍ ሥር መዋሉን ማየት ግድ ነው፤ ካልዋለ የሰንሰለቱ ዓይን አይፈጠርም። ከዚያ ክሩ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ቀጣዩ ዓይን ደግሞ ከዚህኛው ውስጥ ይጀምራል።

እጅ ካልለመደ ችግሩ ያለው አሳሳብ ላይ ነው። ክሩ ከጠበቀ ዓይኑ ይጨፈለቃል፤ እንደ መነን ያለ ስስ ጨርቅማ ወዲያው ይሸበሸባል። ከላላ ደግሞ ቀለበቱ ቆሞ በአዝራርና በጌጥ ይያዛል። ጎበዝ ጠላፊ የምትታወቀው በፍጥነቷ ሳይሆን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓይን እኩል በመሆናቸው ነው። ኩርባ ላይ ስፌቱን ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ረጅም ዓይን አይታጠፍም፣ ይሰበራል።

መጨረሻው ካልታሰረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የዱቄት ጆንያ አፍ የተሰፋበትን ክር በትክክለኛው ጫፍ የሳበ ሰው እንዴት በአንዴ እንደሚተረተር ያውቃል፤ ያም የሰንሰለት ስፌት ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ዓይን አናት ላይ አንዲት አጭር ስፌት ተጥላ ክሩ ወደ ሥር ይገባና ከኋላ ባሉት ስፌቶች ውስጥ ተሹለክልኮ ይቆረጣል። ልብሱ የሚተኮሰው ተገልብጦ ነው፤ በፊቱ ከተተኮሰ ጥልፉ ይጋደማል።

ዛሬ አብዛኛው የገበያ ጥልፍ በመኪና ይሠራል፤ ርካሽና ፈጣን ስለሆነ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም፣ በእጅ ሥራ ዋጋ እስካልተሸጠ ድረስ። የእጅ ሰንሰለት ከጀርባው አንድ መስመር ቀጥ ያለ ስፌት፣ ክሩ የታሰረባቸውና ከአበባ ወደ አበባ የተሻገረባቸው ቦታዎች ይታዩበታል። በመኪና የተጠለፈው ከሥሩ ሌላ ክር አለው፤ ብዙውን ጊዜም ነጭ ነው። ገዢ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ቀሚሱን ገልብጦ ይየው።