ውኃ የሌለበት ስንቅ

መርካቶ እህል በረንዳ የገባ ሰው ለቁርስም ለመክሰስም የሚሆን የኃይል ምግብ መሥሪያ ከአካባቢው ሳይርቅ ያሟላል፤ ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሰሊጡ፣ ለውዙ በጆንያ ተደርድሯል። ማርና ቅቤውም ሩቅ አይደለም። ያም ሆኖ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ለሚመጣው የውጭ “ኢነርጂ ባር” ብዙ ብር የሚያወጣ አለ። እኔ ግን ጭኮን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴም አሠራሩ ውስጥ ያለው ሳይንስ ነው።

ጭኮ በአርሲ፣ በባሌና በሸዋ የታወቀ፣ በሶ (ታምሶ የተፈጨ ገብስ) በተነጠረ ቅቤ ተለውሶ የሚሠራ ምግብ ነው። ማሞቅ አያሻውም፤ ለብዙ ቀን ይቆያል። የማይበላሽበት ምሥጢር ውኃ የሌለው መሆኑ ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት ነፃ ውኃ ይፈልጋሉ። የምግብ ሳይንቲስቶች ይህን ውኃ ከ0 እስከ 1 በሚደርስ መለኪያ ይገምቱታል፤ ወተትና ትኩስ ሥጋ ወደ 1 ይጠጋሉ፣ ከ0.6 በታች ግን የትኛውም ረቂቅ ተሕዋስ አይራባም።

ጥሬ ቅቤ ከመቶው 16 እጅ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ውኃ አለው። ሲነጠር የሚንጣጣው ይኸው ውኃ ነው፤ መንጣጣቱ ጋብ ሲል ተንኖ አልቋል ማለት ነው። ዝቃጩ ሲጠለል ደግሞ ለተሕዋስያን መኖ የሚሆነው የወተት ፕሮቲን አብሮ ይወጣል። ኮሰረትና ኮረሪማ የምንጨምረው ለሽታ ቢሆንም፣ ቅቤው ቶሎ እንዳይበላሽ የሚረዱ ንጥረ ነገሮችም አሏቸው።

ገብሱ ላይ የሚሆነው ደግሞ ይበልጥ ይማርከኛል። ጥሬ እህል ውስጥ ስብን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች ስላሉ ጥሬ ዱቄት ሲቆይ ይመርራል። ማመስ ኢንዛይሞቹን ሥራ ያስፈታል፣ እርጥበቱን ያባርራል፣ ስታርቹንም በከፊል ስለሚሰባብር በሶ ዳግመኛ ሳይበስል ይበላል። ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ስኳርና አሚኖ አሲዶች ተዋሕደው ቡናማውን መልክና ያንን መዓዛ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ በዚህ ውሕደት በቀላሉ የሚጎዳው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፣ ገብስ ደግሞ መጀመሪያውኑም ላይሲን ያንሰዋል። ስለዚህ ወርቃማ ሲሆን ማውረድ ነው እንጂ እስኪጠቁር መጠበቅ አይገባም። የጎደለውን ለመሙላት በበሶው ላይ ሽምብራ ቆሎ ፈጭቶ መጨመር ይቻላል፤ ጥራጥሬ ላይሲን አያጣም።

ሁለት እጅ በሶ በአንድ እጅ ቅቤ ቢለወስ 100 ግራሙ ከ500 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስብ 9፣ አንድ ግራም ስታርች 4 ኪሎ ካሎሪ ስላለው። ቀኑን ሙሉ ለሚጓዝ ወይም ሸክም ለሚሸከም ሰው ይህ ትልቅ አቅም ነው፤ ቢሮ ለሚውል ሰው ግን ትንሽ ቁራሽ ይበቃዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ የኦሮሞ ተጓዦች የተቆላና የተፈጨ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ አድቦልቡለው ይዘው እንደሚጓዙ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል። ዘዴው ያው ነው፤ ስብና ደረቅ ዱቄት።

ለጾም ቅቤውን ለውዝና ማር ይተኩታል። ማር ግን ከመቶው 18 እጅ ያህል ውኃ አለው፤ ከአየርም እርጥበት ይስባል። ማሩ ሳይፈላ የተሠራው ስንቅ ክረምት ላይ ተልፈስፍሶ እጅ ላይ የሚጣበቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማሩን በዝግታ ማፍላት፣ ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጠንከር ብሎ ከቆየ ማውረድ፣ ከዚያ የታመሰ ሰሊጥ፣ የተፈረከሰ ለውዝና በሶ ጨምሮ ማማሰል፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ጠቅጥቆ ሳይቀዘቅዝ መቁረጥ ያስፈልጋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ አንጀቱ ሊቋቋመው የማይችል የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የሚያድነው ፕላምፒ ነትም በለውዝ፣ በወተት ዱቄት፣ በስኳርና በዘይት የሚሠራ፣ ውኃ የማይገባበት የላመ ምግብ ነው፤ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ ተፈጠረ፤ በአገራችንም ይመረታል።

ለውዝ ሲገዙ ዋጋን ብቻ ማየት አይገባም። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ፣ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን ለቅሞ መጣል ያስፈልጋል፤ ጆንያው እርጥበት እርጥበት ከሸተተ ደግሞ ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ይሻላል።