የጌዴኦ ተፈናቃዮችና የዕርዳታው መዝገብ

በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች ወሰን አካባቢ የተነሳው ግጭት በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው አፈናቀለ። ከ800,000 በላይ የሚሆነው የተጠለለው በጌዴኦ ዞን ሲሆን የቀረው በምዕራብ ጉጂ ውስጥ ነበር። የቁጥሩን ክብደት ለመረዳት ከሌላ ቁጥር ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ነዋሪ በጠቅላላ 847,434 ነበር። 1,350 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ መሬቱ በሰው ብዛት የተጨናነቀው ዞን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከነበረው ሕዝብ ጋር የሚቀራረብ እንግዳ በሦስት ወር ተቀበለ ማለት ነው።

አብዛኞቹ ተፈናቃዮች በቀርጫ፣ በሐምበላ ዋመናና በሌሎች የምዕራብ ጉጂ ወረዳዎች ለዓመታት ቡናና እንሰት ተክለው የኖሩ የጌዴኦ ገበሬዎች ናቸው። የጉጂ ቤተሰቦችም ከቤታቸው ተነቅለዋል። ግጭቱም የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሐገረ ማርያም አካባቢ ሁለቱ ሕዝቦች ተጋጭተው ብዙ ሰው ሞቷል፣ ብዙ ሰው ተሰድዷል። በ2010 የተለየው የመጠኑ ነገር ነው። ይህን ያህል ሕዝብ የሚያበላ፣ የሚያስጠልልና የሚያክም አንድ አካል በአገሪቱ ስላልነበረ፣ መንግሥት፣ የንግዱ ማኅበረሰብና በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ሳይወዱ በግድ ተካፈሉት።

መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤት ነው። የመንግሥት መኪና ሳይመጣ ተፈናቃዩ በዘመድ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት፣ ጣሪያና በር ባልተገጠመለት ጅምር ሕንፃ ውስጥ ገብቷል። በጌዴኦ የእንሰት አገር እንግዳ ሲመጣ ከጉድጓድ ቆጮ ይወጣል። ጉድጓዱ ሲራቆት ደግሞ ጓሮ ያለው እንሰት ይፋቃል። እንሰት ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ያልደረሰውን ፍቆ እንግዳ ያበላ ቤተሰብ የሦስትና የአራት ዓመት ቀለቡን አውጥቷል። ይህ ወጪ በየትኛውም የዕርዳታ ሪፖርት በብር ተተምኖ አይገኝም። በጌዴኦ ትልቁን ልገሳ ያደረገው ግን ይኸው ባለ ጓሮ ገበሬ ነው፤ የአደጋ ምላሽ ታሪክ ሲጻፍ ከእሱ አለመጀመር ትልቅ በደል ይሆናል።

የመንግሥት ሥራ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። የቀበሌ አስተዳዳሪ ስም ይመዘግባል፤ ዝርዝሩ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ፌዴራል ይሄዳል። በዚህ ሰንሰለት ጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። ከወሎ ረሀብ በኋላ በ1966 የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ፤ ቆይቶ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ወደ ዘርፍ ዝቅ ካለ በኋላ በ2008 የብሔራዊ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተብሎ እንደገና ቆመ። ስሞቹ አንድ የሐሳብ ጉዞ ያሳያሉ፦ ረሀብ ከገባ በኋላ እህል ከማደል ተነስቶ ስጋቱን ቀድሞ ወደ ማስተዳደር። ሆኖም የመሥሪያ ቤቱ ልምድ በአብዛኛው በድርቅ የተገኘ ነው። ድርቅ ወራት አስቀድሞ ምልክት ያሳያል፤ በጌዴኦ የሆነው ግን በቀናት ውስጥ የደረሰ ነበር።

ሰኔ 15 ቀን 2010 መንግሥትና አጋሮቹ ለጌዴኦና ለምዕራብ ጉጂ የጋራ የምላሽ ዕቅድ አወጡ፤ የተጠየቀው ገንዘብ 117.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዲላ የአስቸኳይ ጊዜ ማስተባበሪያ ማዕከል ተከፈተ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌ መንገድ ላይ የምትገኘው የቡና ከተማ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች፣ የድንበር የለሽ ሐኪሞች፣ የቀይ መስቀልና የሌሎችም ግብረ ሠናይ ድርጅቶች መናኸሪያ ሆነች። በማዕከሉ ስብሰባ ላይ ምግብ፣ ውሃ፣ ጤና፣ መጠለያ እያንዳንዳቸው «ክላስተር» የሚባል ቡድን ነበራቸው፤ ማን የቱን ወረዳ እንደያዘ፣ የትኛው መጠለያ ብርድ ልብስ እንዳልደረሰው የሚታወቀው እዚያ ነው።

የንግዱ ድርሻ የሚገባው ስሌቱ ሲሠራ ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው የዕርዳታ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። 800,000 ሰው በወር 120,000 ኩንታል እህል ይፈልጋል። ይህ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 300 ምልልስ፣ 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ ደግሞ 2,400 ምልልስ ነው። እህሉ ከጅቡቲ ወደብም ይምጣ ከሻሸመኔ መጋዘን፣ ተሳቢው የሚደርሰው አስፋልቱ እስካለበት ድረስ ነው። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ደጋው ቀበሌዎች የሚወጣው ቀይ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ጎማ ይውጣል፤ እዚያ የሚገባው አይሱዙ፣ አይሱዙ ያቃተውን የሚያደርሰው አህያና የሰው ትከሻ ነው። መኪኖቹ የግል ናቸው፤ ባለንብረቱ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ለሚሰበር መኪናው ኪሣራ ማሰቡ አይቀርም። ስለዚህ ዕርዳታ መዘግየቱ ሲነገር ብዙ ጊዜ የጎደለው ስንዴ ሳይሆን ስንዴውን በተቆረጠው ዋጋ የሚያነሳ መኪና ነው። በጎ ፈቃድ ብቻውን ጭነት አያነሳም፤ ውል፣ ታሪፍና በጊዜው የሚከፈል ሂሳብ ያስፈልገዋል።

በማደያው ቦታ ሥራው ይበልጥ ደቃቅ ይሆናል። 50 ኪሎ የሚይዘው ከረጢት ለሦስት ሰው ሲከፈል አምስት ኪሎ ይተርፋል፤ አምስት ቤተሰብ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ከረጢት ተኩል ይደርሰዋል። ስለዚህ አባወራዎችና እማወራዎች ተቧድነው ስማቸው ሲጠራ አንድ ላይ ይረከባሉ፤ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው መዝገቡ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዳር ወጥተው በጣሳ እየሰፈሩ ይከፋፈላሉ። ስም የሚጠራው ወጣት፣ ሰልፍ የሚያስይዘው፣ ለደካማ ሴት ከረጢት የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ የቀበሌ በጎ ፈቃደኛ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከመንግሥት ጎን ሆኖ የሚሠራው በእንዲህ ዓይነት በጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ዝርዝሩ ይሳሳታል።

የዕርዳታው ሁሉ ማሰሪያ ይኸው ዝርዝር ነው። ነጋዴው የጫነው፣ ለጋሹ የሰጠው፣ በጎ ፈቃደኛው የተሸከመው ስንዴ መዝገቡ ላይ ስሙ ወደሌለ ሰው አይደርስም። ተፈናቃይ የሚባለው ማን እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን ደግሞ የመንግሥት ብቻ ነው። በጌዴኦ ትብብሩ የተሰበረውም እዚህ ላይ ነው።

ከሚያዝያው ግጭት በኋላ ሽማግሌዎች አስታርቀው ብዙ ሰው ተመልሶ ነበር፤ ሰኔ ሲገባ እንደገና ሸሸ። ከነሐሴ 2010 ጀምሮ መንግሥት ተፈናቃዮችን ወደ መጡበት የመመለስ ሥራ ጀመረ። ምክንያቱ ሲታይ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፦ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች መለቀቅ ነበረባቸው፣ መጠለያው ቋሚ ሰፈር እንዳይሆን ተፈርቷል፣ ቡናው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማ ይፈልጋል። ቡናውን ሳይለቅም የከረመ ገበሬ የዓመት ገቢውን አጥቷል። ነገር ግን የተመለሱት ብዙዎች ቤታቸውን ተቃጥሎ፣ ማሳቸውን በሌላ ተይዞ አገኙት፤ ወይም ፈርተው ከወሰኑ ሳያልፉ ቀሩ። ወደ ጌዴኦ ዳግም ሲመጡ ግን በመዝገቡ «ተመላሽ» ነበሩ። ዕርዳታው ወደ ተመለሱበት ቦታ ስለተላከ ሰዉ ባለበት ቦታ እህል አልነበረም። ሬፊውጂስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በኅዳር 2011 ባወጣው ሪፖርት ዕርዳታን ከመመለስ ጋር ማያያዙ ሰዎችን ሳይዘጋጁ ወደ አደጋ እንደሚገፋ አስጠንቅቆ ነበር።

ማስጠንቀቂያው የተሰማው ከአራት ወር በኋላ ነው። በመጋቢት 2011 ከጌዴብ ወረዳ፣ ጎቲቲ ከምትባለው ቦታ የወጡ የተራቡ ሕፃናትና እናቶች ፎቶግራፎች በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ጌዴብ ሄደው ተፈናቃዮቹን አነጋገሩ፤ ተቋርጦ የነበረው ዕርዳታ በስፋት ተጀመረ። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ተነሱ፤ አርቲስት ታማኝ በየነ የመራው ዓለም አቀፍ ጥምረት ለጌዴኦ ተፈናቃዮች በኢንተርኔት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። አስተባባሪው መዋቅር ዲላ ቁጭ ብሎ ሳለ ረሀቡን ለአገር ያሳወቀው የግለሰቦች ስልክ መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። መዝገቡ «ተመልሰዋል» ብሎ ስለዘጋው፣ በመዋቅሩ ውስጥ ያለ ሰው አይቶም ቢሆን የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም።

በስሜት የተነሳ ልገሳም የራሱ ጣጣ አለው። ከከተማ ተጭኖ የሚመጣ ልብስና ምግብ መኪናው በቀላሉ በሚደርስበት በአስፋልት ዳር መጠለያ ደጋግሞ ይራገፋል፤ ሦስት ሰዓት በእግር የሚያስኬደው ቀበሌ ባዶ ይቀራል። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ከዕቃ ይልቅ ገንዘብን፣ ከገንዘብም ከማዕከሉ ጋር ተነጋግሮ የተላከውን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

በግንቦት 2011 መጠለያዎቹ ፈረሱ፣ ተፈናቃዮቹ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ቀያቸው ተወሰዱ፤ ከብዙ መቶ ሺህ ሰው ውስጥ ፈቅዶ የሄደውንና ሌላ አማራጭ አጥቶ የሄደውን መለየት አስቸጋሪ ነበር።

በእነዚያው ወራት ሕጉም ተለወጠ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚመጣ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በእርቅ ሥራ እንዳይሳተፉ ይከለክል ነበር። አንድ ድርጅት በጌዴኦ ስንዴ ማደል ይችላል፤ ስንዴውን ስላስፈለገው ግጭት ጌዴኦንና ጉጂን ማነጋገር ግን አይችልም ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2011 ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ክልከላ አነሳ። በ2012 ደግሞ ኢትዮጵያ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የተደረገውን የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187 አጸደቀች። ስምምነቱ ተፈናቃይን የመጠበቅ ቀዳሚ ኃላፊነት የመንግሥት መሆኑን ያስቀምጣል፤ መመለስ፣ በተፈናቀሉበት መቅረት ወይም ሌላ ቦታ መስፈር በተፈናቃዩ ነፃ ምርጫ እንዲሆንም ያዝዛል። አዋጁ ከሁለት ዓመት በፊት ቢኖር ኖሮ ቢያንስ የጎቲቲ ሰው የሚጠቅሰው አንቀጽ ይኖረው ነበር።

የንግዱን ማኅበረሰብ በሚመለከት ክርክሩ ገና አላበቃም። ለረጅም ጊዜ የድርጅቶች መዋጮ በአደጋ ማግስት በሚደረግ ጥሪ የሚሰበሰብ፣ ቼክ በካሜራ ፊት የሚሰጥበት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቀረበው የአደጋ ምላሽ ፈንድ አዋጅ መዋጮውን ቋሚ ለማድረግ የታሰበ ነው። አደጋ ሳይመጣ የተቀመጠ ገንዘብ የመኪና ኪራይ በቀኑ ለመክፈል ያስችላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ኑሮ የከበደው ሠራተኛና ድርጅት ተጨማሪ መዋጮ ሲጠየቅ ገንዘቡ የት እንደዋለ የማወቅ መብቱ አብሮ መረጋገጥ አለበት።

ጌዴኦ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው፤ ዲላም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። በዚሁ ክልል በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ220 በላይ ሰው ሞቷል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ በእጅና በአካፋ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። እዚያም መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤት ነበር፤ «ቆዩ፣ ተራራው ገና ይወርዳል» የሚል ባለሙያና የቁፋሮ ማሽን አብረውት አልደረሱም።

በጌዴኦና በጉጂ መካከል ደግሞ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት የሚቀድም ሌላ መዋቅር አለ። ሁለቱ ሕዝቦች ዳራሶና ጉጆ ከሚባሉ ወንድማማቾች እንደሚወለዱ በአፈ ታሪካቸው ይናገራሉ፤ ደም ሲፈስ አባ ገዳዎች «ጎንዶሮ» በሚባለው ሥርዓት ያስታርቃሉ። ጌዴኦ ውስጥ ጉዳይ የሚታየው ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት «ሶንጎ» ነው። ወሰኑ የሁለት ክልሎች ወሰን በመሆኑ የተፈናቃዩ ስም በአንዱ ክልል መዝገብ፣ መሬቱ በሌላው ክልል ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ሁለቱንም ወገን ያውቃሉ፤ ማሳው የማን እንደነበር፣ የማን ቤት እንደተቃጠለ፣ ማን እንዳልተመለሰ በስም መናገር ይችላሉ።