ፎቶግራፍና ዋልያ

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ከአዲስ ቅዳም በባሕር ዳርና በጎንደር አድርጋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ስሜን ተራሮች ደጃፍ ላይ ናችሁ። በጨነቅ ካምፕ ቁርስ ለማሰናዳት ጎሕ ሲቀድ የሚነሣው ምግብ አብሳይ ከጎብኚው የተሻለ ዕድል አለው፤ ጎብኚው በድንኳኑ ተኝቶ ሳለ ዋልያው ከገደሉ አፋፍ ብቅ ይላልና።

ጭላዳን ፎቶግራፍ ማንሣት አያስቸግርም። ፀሐይ ስትሞቅ ካደረበት ገደል ወጥቶ፥ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ፤ ዳቦ ግን አትወርውሩለት።

ዋልያ በዱር የሚገኘው ከዓለም በስሜን ብቻ ነው። ቁጥሩ በመመናመኑም ጭምር ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2009 ዓ.ም. ቆይቷል። ለአንድ ፎቶግራፍ ብሎ ግልገሉን ከእናቱ የሚያስበረግገውን ሰው እኔ ከአዳኝ አልለየውም።

የሚያሳዝነው እኛ መምህራን የምናርፈው በክረምት፥ ተራራው ጉም በለበሰበት ወራት ነው። የምትችሉ በጥቅምት ሂዱ።